ቄስ ያጣው የቅዱስ ፋኑሪዮስ ኬክ

ጳጳሱ ባሌን ቄስ አድርገው ሊሾሙት ፈቃዴን ለመጠየቅ ቤቴ የመጡ ዕለት፣ እጄ እስከ ክርኔ አይብ ውስጥ ነበር። ሰው ሲመጣ አስቀድሞ ይናገራል እንጂ እንዲህ ድንገት ሰተት ብሎ አይገባም፤ ጳጳስም ቢሆን። እጄን በሽርጤ ጠራርጌ የእሳቸውን እጅ ስሳለም የፍየል ወተት እጅጌያቸው ላይ ጠብ አለ። እንዳላዩ ሆኑ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው፣ ወይን ቀዳሁላቸው፣ የወይራ ፍሬና ደረቅ ዳቦ አቀረብኩላቸው። እሳቸውም የመንገዳችን አቧራ ያለበሰውን ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የመጣሁት ለሲፊስ ብዬ አይደለም፤ ለአንቺ ብዬ ነው» አሉኝ።

ነገሩ ገብቶኛል። አባ ሚሮን ከሞቱ ወዲህ መንደራችን ሜሊሲ ቄስ የላትም። ከቀርጤስ ከተሞች ተምሮ የወጣ ወጣት ቄስ እዚህ ተራራ ወገብ ላይ ከፍየል ጋር ከሚኖር ባሕር ቢገባ ይመርጣል። የታችኛው መንደር ቄስ ሲመቻቸው እሑድ ብቅ ይላሉ፣ እሱም አሮጌዋ መኪናቸው ከተነሣችላቸው ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ተማከረና ባሌን መረጠ። ሲፊስ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባ ሚሮን ጎን ቆሞ ያዜመ ነው። ቅዳሴውን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል፤ ከሰው አይጣላም፤ አይዋሽም፣ ቢዋሽም ጆሮው ስለሚቀላ ወዲያው ይታወቅበታል። ሲጠይቁት፣ «አርጊሮ ካለች» ብቻ አላቸው። አርጊሮ እኔ ነኝ።

ሚስት ካልፈቀደች ባሏ ክህነት አይቀበልም፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ለዚህ ነው አንድ ጳጳስ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው አይብ የምትጨምቅ ሴት ፊት እንደ አማላጅ የተቀመጡት።

«ብትፈቅጂ ደስ ይለኛል» አሉ። «ባትፈቅጂም አልቀየምሽም። እስከ ፍልሰታ አስቢበት። ለበዓሉ እኔው መጥቼ እቀድሳለሁ፤ ያኔ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ አባታችን» አልኩ። እሺ ያልኩት ማሰቡን ነው።

ለምን እንዳልፈቀድኩ ልንገራችሁ። ሲፊስ ሊራ ይመታል። በዚህ ተራራ ላይ እሱ ሊራውን ጉልበቱ ላይ አቁሞ ደጋኑን ካልሳበበት ሰርጉ ሰርግ አይባልም። እኔ ደግሞ ጭፈራ እመራለሁ። እንዲያው ሲያዩኝ ወፍራምና ነገረኛ ሴት ነኝ፤ መሐረቡን ይዤ ከሰልፉ ፊት ስቆም ግን ክብደቴ የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም። ያገናኘንም ይኸው ነው። በአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ እሱ ዜማውን እያፈጠነ ሊያደክመኝ፣ እኔም እግሬን እያፈጠንኩ ላደክመው ስንሞክር ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየተቀመጠ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ማንም አላሸነፈም፤ ተጋባን።

ልጆቻችን አድገው ከተማ ገብተዋል፤ ሊራው ግን ከእኛው ጋር ነው። አመሻሹ ላይ ሲፊስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይቃኛል፣ እኔ ባቄላ እየፈለፈልኩ እግሬን አነቃንቃለሁ። ቄስ ግን ሊራ አይመታም፣ የቄስ ሚስትም ጭፈራ አትመራም። የትም የተጻፈ ነገር አይደለም፤ በሜሊሲ ግን ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቀዋል። ፓፓዲያ ትባላለች የቄስ ሚስት። በበዓል ቀን ጥቁር ለብሳ ከአሮጊቶቹ ጋር ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ታጨበጭባለችም፤ እሱንም በልኩ።

እግዚአብሔር ሌላ ነገር ቢጠይቀኝ በሰጠሁት። ፍየሎቹን ቢለኝ ፍየሎቹን፣ የወይራ ዛፎቹን ቢለኝ ዛፎቹን። ከቤቴ ካለው ሁሉ ለምን ይችን አንዷን እንደመረጠ ሊገባኝ አልቻለም፤ ደግሞም ተናድጄበታለሁ።

የባሌ አክስት እትዬ ክሪሳንቲ ምንጩ ዳር አገኙኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ የሚውለው በእሳቸው አንገት ላይ ነው፤ ስለዚህ የመንደሩም ጉዳይ ሁሉ እዚያው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ይመስላቸዋል።

«ምኑ ነው እንዲህ የሚያብሰለስልሽ?» አሉኝ። «በደጉ በኩል እዪው እንጂ። ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም። አንቺ ነገ ክልትው ብትዪ እንኳ አልጋሽ ላይ የምትተኛ ሴት የለችም።»

«እትዬ፣ እኔ የመሞት ሐሳብ የለኝም።»

«ማን አለው? እኔ የምልሽ ዋስትና ነው።»

ሲፊስ ግን ምንም አላለኝም። ቢለምነኝ እቆጣው ነበር፤ ቢቆጣኝ አለቅስበት ነበር። ፍየሎቹን ያልባል፣ ወይኑን ያያል፣ ማታ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ለጸሎት ይቆማል። ከመብላታችን በፊት ሁልጊዜ አባታችን ሆይን አብረን እንላለን። ጳጳሱ ከሄዱ በኋላ ባለው ምሽት ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ የምትናገረዋ መስመር ላይ ስንደርስ አፌን ዘጋሁ። ሰውን የማልዋሽ ሴት እግዚአብሔርን ልዋሽ ነው? ሲፊስ ያችን መስመር ብቻውን አላት። ስለ ዕለት እንጀራ ስንደርስ ተመልሼ ገባሁ። ቀና ብሎ አላየኝም። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፣ ከዚያም በኋላ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ አንድ መላ መጣልኝ። ቅዱስ ፋኑሪዮስ የጠፋ ነገር ይገልጣል። ቁልፍ የጠፋባትም፣ ፍየል የጠፋባትም፣ ባል አጥታ የቀረችም ሴት ኬክ ትጋግርለታለች፤ ዘይትና ብርቱካን፣ ዘቢብና ቀረፋ ያለበት፣ እንቁላልና ቅቤ የማይነካው የጾም ኬክ ነው። ቅዱሱም ያሳያታል። እኔ ደግሞ የጠፋብኝ ሌላ ቄስ ነው። በዚህ ሁሉ ተራራ ላይ ሊራ የማይነካ፣ ሚስቱም ጭፈራ የማትወድ አንድ ደህና ወንድ አይታጣም፤ ተደብቆም ከሆነ ቅዱሱ ጎትቶ ያውጣልኝ። ኬኩን ከልቤ ነው የጋገርኩት። ዘቢቡንም አልሰሰትኩም።

ትኩሱን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። እትዬ ክሪሳንቲ ከፈቱልኝ። ኬኩን ሥዕሉ ፊት አስቀምጬ ሻማ ለኮስኩ፣ ተሳለምኩ።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ።

«አንድ ነገር ነው።»

«ፍየል?»

«አይደለም።»

ኬኩን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ እኔን አዩ። ሴትዮዋ ጥርስ ቢያጥራቸውም ማስተዋል አያጥራቸውም። «እህ» አሉ። «እና ማን ያነብበታል?»

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የፋኑሪዮስ ኬክ ቄስ ጸሎት ካላነበበበት አይቆረስም፤ ሳይባረክ ከተቆረሰ ተራ ኬክ ነው፣ ቅዱሱም የእኔ ነው አይለውም። ይህን ነገር ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዱቄት ሳቦካ፣ ብርቱካን ስጨምቅ፣ ምድጃ ሳነድ ግን አንዴም ትዝ አላለኝም።

«የታችኛው መንደር ቄስ…» አልኩ።

«መኪናቸው ተሰብራለች። ጳጳሱ እስኪመጡ እዚህ ቄስ የሚባል አይደርስም።» እትዬ ክሪሳንቲ ቁልፉን አንገታቸው ላይ መለሱ። «ባሏ ቄስ እንዳይሆን የጋገረችውን ኬክ የሚባርክላት ቄስ አጣች። እኔ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም።»

«እትዬ፣ እባክዎ፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ።»

«ለማን ብዬ እነግራለሁ?» አሉ። ፀሐይ ሳትገባ መንደሩ በሙሉ ሰማ።

ኬኩን ተሸክሜ ተመለስኩ። እንዳልበላው ለቅዱሱ የተሰጠ ነው፤ እንዳልጥለው ኃጢአት ነው፤ ታችኛው መንደር ይዤው እንዳልወርድ ቄሱም ምን ጠፋብሽ ይሉኛል። በጨርቅ ሸፍኜ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሲፊስ ማታ ገብቶ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ በጥንቃቄ ሸፈነው። የሰማ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ሳቁን ለመዋጥ ውኃ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቡና ቤቱ የወረደው። በሜሊሲ ያለችው ስልክ እዚያ ናት፤ በእሷ የሚነገር ነገር ሁሉ ካርታ ለሚጫወቱት ሰዎችም ይነገራል። ሲመለስ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ለአባታችን ደወልኩላቸው» አለ።

«ምን ብለህ?»

«አይሆንም ብዬ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«እኔ መቼ አይሆንም አልኩ?»

«በየማታው ነው የምትዪው፣ አርጊሮዬ።» ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም። «አንቺን አስጨንቄ መሠዊያ ፊት አልቆምም። እግዚአብሔር የፈለገኝ ከሆነ በአንቺ ለቅሶ ላይ አያቆመኝም።»

«ተቀይመሃል።»

«አልተቀየምኩም።»

ጆሮውን አየሁ። አልቀላም።

ያን ምሽት ሊራውን አወረደና እንደ ወትሮው ተጫወተ፤ እንዲያውም ከወትሮው አሳምሮ። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። የፈለግሁት ነገር ሁሉ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል። እግሬ ግን አልነቃነቅ አለኝ። ለጸሎት ስንቆም ያችው መስመር መጣች፣ ሲፊስም ልክ እንደ ትናንቱ፣ ቄስ ሊሆን በነበረበት ጊዜ ይላት በነበረው በዚያው ድምፅ አላት። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሰውየው ክህነትን ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኘው እንደነበር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሲሰጡት ፈቃድህ ይሁን አለ፣ ሲተወውም ፈቃድህ ይሁን አለ፣ ከዚያም ምስሩን በልቶ ተኛ። እኔ ደግሞ ያልኩት ሁሉ ተፈጽሞልኝ አንዲት መስመር መጸለይ አቃተኝ። ሲፊስ ያለውን ነገር ሁሉ በተዘረጋ እጅ ነው የሚይዘው። እኔ ጨምድጄ ነው የምይዘው፤ የጨመደድኩት ደግሞ እሱኑ ነው።

በማግስቱ ሴቶቹ ምንጩ ዳር ሰላም አሉኝ፤ ከሰላምታው የሚያልፍ ቃል ግን አልነበረም። ቢሰድቡኝ እችልበታለሁ፤ መልስ አያጥረኝም። ወደ ቤት ስመለስ የጎረቤታችን ምራት ሌኒዮ ሕፃኗን አዝላ በአጥሬ በኩል አለፈች። ክርስትና ልታስነሣው ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወደ ታችኛው መንደር መውረዷ ነው።

«ደህና ዋይ፣ እትዬ አርጊሮ» አለችኝ በደግነት። «ፀሐይ ሳትበረታ ልድረስ ብዬ ነው።»

ደግነቷ ነው የወጋኝ። ሕፃኑ ከትከሻዋ በላይ እያየኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ምድጃውን በለስላሳ እሳት አነደድኩ። እኛ ዳቦን ሁለት ጊዜ ጋግረን፣ አድርቀን፣ ክረምቱን ሁሉ የምናስቀምጥ ሰዎች ነን። ኬኩን ከመደርደሪያው አውርጄ ሳልቆርሰው ሙሉውን መልሼ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደማደርገው ራሴን አልጠየቅሁም። ሻጋታ እንዳይነካው ነው አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ጳጳሱ ለፍልሰታ እንዳሉት መጡ፣ ቀደሱም። ሲፊስ በወትሮው ቦታው ቆሞ አዜመ። ቤተ ክርስቲያኑ በበሶብላ ሽታና በላብ ታፍኗል፤ የከተማ ልጆቻችን ሁሉ ለበዓሉ መጥተው ነበርና መቆሚያ አልነበረም። በመጨረሻ የበረከቱን ኅብስት ከጳጳሱ እጅ ለመቀበል ተሰለፍን። ከኋላዬ እትዬ ክሪሳንቲ ነበሩ፣ ከእሳቸው ኋላ መንደሩ በሙሉ።

ተራዬ ሲደርስ ጳጳሱ ቁራሹን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ» አሉና ዓይናቸውን ወደሚቀጥለው ሰው መለሱ። ምንም አልጠየቁኝም። ለእሳቸው ነገሩ አልቋል፤ እንደማይቀየሙኝ ነግረውኝ ነበር፣ አልተቀየሙኝምም። መሄድ እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ እግሬ ሄዷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌን ከፍቼ ተሳስቻለሁ ከማለት ዳገቱን በጉልበቴ ብወጣው ይቀለኝ ነበር። ጌታ ሆይ እርዳኝ አልኩ በልቤ፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩበትም፤ የሄደውንም እግሬን መለስኩት።

«አባታችን» አልኩ፣ «ቤቴ ውስጥ ያልተባረከ የፋኑሪዮስ ኬክ አለ።»

ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ጳጳሱ ቅንድባቸውን አነሡ።

«አምጪው፤ አሁን አነብልሻለሁ።»

«አይ አባታችን።» የኅብስቱን ቁራሽ እንዳላደቀው ጣቶቼን ፈታሁ። «ይቆይ። የእኛው ቄስ ያነብበታል።»

ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ እትዬ ክሪሳንቲ ሲያማትቡ የቁልፋቸው ድምፅ ተሰማ። ጳጳሱ ሲፊስን አዩት፤ እኔም አየሁት። የዜማ መጽሐፉን ሊዘጋ ጀምሮ እጁ መሐል መንገድ ላይ ቀርቷል። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል። ሲዋሽ ብቻ የሚቀላ ይመስለኝ ነበር።

«ማንም አላስገደደሽም?» አሉኝ ጳጳሱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማንም አባቴ። እግዚአብሔርም ቢሆን ዝም ብሎ ነው የጠበቀኝ።»

ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ። ቆየት ብለው፣ «ኬኩ ግን እስከዚያ አይበላሽም?» አሉ።

«ሁለት ጊዜ ጋግሬዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ በአደባባዩ በትልቁ ዛፍ ሥር ጭፈራው ተጀመረ። ጳጳሱ ወንበር ተሰጥቷቸው ዳቦና አይብ እየበሉ ሌላ ሌላውን ያያሉ። ሲፊስ ከሊራው በላይ አንዴ ብቻ አየኝ። መሐረቡን ይዤ ተነሣሁ። አፈጠነብኝ፣ አፈጠንኩበት። ወጣቶቹ እያለከለኩ አንድ በአንድ ተቀመጡ፤ እንደዚያን ጊዜው ሁለታችን ቀረን። ላብ ዓይኔን እያቃጠለኝ አንድም ዙር አላስተረፍኩም፣ ነገ ብዬ ያስቀመጥኩት ምንም ነገር አልነበረኝምና። ሲፊስ ደጋኑን ሲያወርድ መሐረቡን አጥፌ ለሌኒዮ ሰጠኋት፤ በሁለት ጣት እንጂ በጡጫ እንደማይያዝም አሳየኋት። ከዚያ ሄጄ ግድግዳው ጋ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አልደበቅሁትም። ደስም ብሎኝ ነበር፤ የቱ እንባ የየትኛው እንደሆነ መለየት ግን አልቻልኩም።

ማታ ለጸሎት ስንቆም ያች መስመር መጣች። ሲፊስ ዝም አለ። ብቻዬን አልኳት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቀስ ብዬ። ከዚያ ስለ እንጀራው ሲደርስ እሱ ተመልሶ ገባ።

ወይኑ ተለቅሞ ሲያበቃ ሲፊስ ካህን ሆነ። ሲፊስ የዮሴፍ ቁልምጫ ነውና አሁን አባ ዮሴፍ ይሉታል፤ እኔ እንኳ ሰው ፊት አባ ዮሴፍ እለዋለሁ፣ ሁለታችንም ሳቃችንን እየያዝን። ሹመቱን ተቀብሎ በመጣበት ቅዳሜ፣ በሠርክ ጸሎት፣ በሜሊሲ መጀመሪያ ያነበበው ጸሎት በኬኬ ላይ ነበር። ለመቁረስ መዶሻ ሊያስፈልገን ምንም አልቀረው። እትዬ ክሪሳንቲ ወይን ውስጥ ነክረው ነክረው አንድ ቁራሽ ጨረሱና፣ «ቅዱሱ ዘገየ እንጂ ጆሮው ደህና ነው» አሉ። ከእኔ ሌላ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በኋላ እኔም ሳቅሁ።

ጭፈራው ቀርቷል። አልተመለሰልኝም፣ በሌላ ነገርም አልተተካልኝም፤ ይናፍቀኛል። ሊራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ። ቤቴ ግን እንደፈራሁት ጭር አላለም። በር የሚያንኳኳ አይጠፋም፤ ሌኒዮም ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ቁልቁለቱን አልወረደችም።

በዚያ በመጀመሪያው እሑድ፣ ጥቁሩን ረጅም ቀሚሴን ለብሼ ከፊት ቆሜ ሳለሁ፣ ሲፊስ ከመቅደሱ ውስጥ ድምፁን ለቀቀው። ዜማው የቅዳሴ ዜማ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ትንሽ ያዝ አድርጎ ለቀቀው፣ በዚያ ሰርግ ላይ ሊያደክመኝ ሲፈልግ ያደርገው እንደነበረው። አውቆት ይሁን ሳያውቀው እስካሁን አልጠየቅሁትም። እግሬ ከቀሚሴ ሥር ተነቃነቀች።

እትዬ ክሪሳንቲ አጠገቤ ነበሩና በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «ፓፓዲያ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እግርሽ።»

«እሺ እትዬ» አልኩና አቆምኳት።